አምስት ባፍል፣ አንድ ድምፅ

ከኮምፒውተር የሚወጣ ድምፅ ተጫዋቹን ከዙሪያው እንዲከበው ምን ያስፈልጋል? ከወግዲ ጌም ቤት የተነሳ ልዩ ዘገባ

በወግዲ ወረዳ፣ በማህደረ ሰላም ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው ጌም ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። ሁለት ቴሌቪዥኖች ፊት አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ እዚያ የሚጫወቱት ኳስ ነው። ጥጉ ላይ ያገለገለ ጥቁር ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ። የቤቱ ባለቤት ከደሴ ያስመጣውን ሆም ቴአትር ያገናኘው ከዚህኛው ጋር ነው። አራቱን ትንንሽ ባፍሎች በአራቱ ማዕዘን በሚስማር ሰቅሏቸዋል፤ አምስተኛው ከስክሪኑ በላይ ነው። ዎፈሩ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። ሲከፈት መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ልጅ የተኩስ ጌም ይዟል። ስክሪኑ ላይ ባዶ ኮሪደር ይታያል። ድንገት ኮቴ ተሰማ። ልጁ ወደ ግራ ዞረ፤ ማንም የለም። ወደ ቀኝ ዞረ፤ ተመታ። ጠላቱ የመጣው ከኋላው ነበር።

«ከሁሉም ቦታ ነው እኮ የሚሰማው!» አለና ማውዙን ለቀቀው።

የሲፒዩውን ጀርባ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ አንዲት ቀጭን ገመድ ተሰክታለች። ገመዷ ጫፏ ላይ ለሁለት ተከፍላ፣ ቀይና ነጭ ሆና ሆም ቴአትሩ ውስጥ ትገባለች። ከኮምፒውተሩ የሚወጣው የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ ነው። ሆም ቴአትሩ ያንኑ ሁለቱን አባዝቶ ለአምስቱም ባፍል ያድላል። ጌሙ ግን ኮቴውን ከኋላ ለይቶ ለመላክ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የሚያወጣለት መንገድ አላገኘም እንጂ።

ሰራውንድ የሚባለውን ነገር ብዙ ሰው በባፍል ብዛት ይለካዋል፤ ሌላው ደግሞ በጩኸቱ። በወግዲም፣ በጎረቤት ቦረና ወረዳ ባለችው በመካነ ሰላምም፣ በደሴም ቢሆን ያየሁት አብዛኛው አገጣጠም እንዲህ ነው። ሰው ገንዘቡን ባፍል ላይ አፍስሶ፣ ዋናውን ነገር ለአንዲት ገመድ ይተወዋል። ሰራውንድ ማለት ግን መለየት ነው። የኋላው ከኋላ፣ የጎኑ ከጎን፣ የመሐሉ ከመሐል እንደተለየ ከጌሙ ተነስቶ እስከ ጆሮ መድረስ አለበት። በመንገዱ አንድ ቦታ ላይ ከተቀላቀለ መልሶ የሚለየው የለም።

ጆሮ አቅጣጫን እንዴት ያውቃል?

ሰው ያለው ሁለት ጆሮ ነው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮው ላይ ቀድሞ ይደርሳል፤ ግራው ላይ የሚደርሰው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ዘግይቶ ነው። ጭንቅላት መሐል ገብቶ ስለሚጋርደውም ግራው ላይ ቀነስ ብሎ ይሰማል። አእምሮ ይህችን መዘግየትና መቀነስ አስልቶ «ከዚያ ነው» ይላል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1907 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ይህንኑ ነው። ፊትና ኋላን ለመለየት የውጭው ጆሮ ቅርጽ ያግዛል፤ ከኋላ የመጣውን ድምፅ ከፊቱ በተለየ መልክ አጣርቶ ነው የሚያስገባው።

ወፍራሙና የሚያጓራው ድምፅ፣ ማለትም ከ80 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው፣ ከየት እንደመጣ ጆሮ በደንብ አይለየውም። አምስቱ ባፍሎች የየራሳቸው ቦታ ሲኖራቸው ዎፈሩ ጠረጴዛ ሥር ቢገባ የማያስቆጨው ለዚህ ነው።

ለወግዲና ለቦረና ሰው ድምፅን በአቅጣጫው መለየት እንግዳ ነገር አይደለም። ማኅሌት ላይ ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይቆማሉ። በቀኝ ጌታ በኩል የተመራውን በግራ ጌታ በኩል ይቀበሉታል፤ ከበሮው ከመሐል ይመታል። አንድ መሪጌታ «ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን ማን እንደሳተ፣ ከየትኛው ወገን እንደሳተ አውቃለሁ» ይላሉ። መንዙማ ላይም መሪው ከአንድ ቦታ ያወጣል፤ ተቀባዩ ከዙሪያው ይመልሳል። አንዱንም ሆነ ሌላውን በአንድ ስልክ ቀድቶ በአንድ ባፍል የሰማ ሰው የጎደለውን ያውቀዋል። ቃሉ አለ፣ ዜማው አለ፤ ማን የት እንደቆመ ግን ጠፍቷል።

> ቃሉ አለ፣ ዜማው አለ፤ ማን የት እንደቆመ ግን ጠፍቷል።

ሲኒማ ይህን የጠፋውን ለመመለስ ብዙ ደክሟል። «አፖካሊፕስ ናው» የተባለው ፊልም በ1979 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የሄሊኮፕተር ድምፅ በተመልካቹ ዙሪያ ሲዞር ይሰማ ነበር፤ አምስት ባፍልና አንድ ዎፈር ያለው የዛሬው አምስት ነጥብ አንድ መልክ የያዘው በእነዚያ ዓመታት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቱ ይህን ዓይነት ድምፅ ከሰማባቸው ቦታዎች አንዱ ቦሌ፣ ኤድና ሞል የነበረው ማቲ ሲኒማ ነው። ሲኒማና ጌም ግን አንድ አይደሉም። ፊልም ላይ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ተወስኗል። ጌም ላይ ተጫዋቹ ፊቱን ባዞረ ቁጥር ዓለሙ አብሮ ይዞራል፤ ከኋላው የነበረው ኮቴ በቅጽበት ወደ ግራ ጆሮው ይመጣል። ኮምፒውተሩ ይህን በየቅጽበቱ እያሰላ ለየባፍሉ ማከፋፈል አለበት።

ከሲፒዩው ጀርባ

የድምፅ ጃክን ጫፍ ልብ ብሎ ያየ ሰው ሁለት ጥቁር ቀለበቶች ብረቱን ለሦስት ከፍለውት ያያል። ጫፉ የግራውን ድምፅ ይይዛል፣ መሐሉ የቀኙን፤ የታችኛው ለሁለቱም የጋራ መመለሻ ነው። አንድ ጃክ ሁለት ድምፅ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ አይሸከምም። ለአምስት ነጥብ አንድ ስድስት ድምፅ ያስፈልጋል፦ አምስቱ ለዙሪያው፣ አንዱ ለዎፈሩ። ስለዚህ ሦስት ጃክ ግድ ነው። ጌም ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ነበር።

ቀለማቱ በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ አንድ ናቸው። አረንጓዴው የፊት ግራና ቀኝ ነው። ጥቁሩ የኋላዎቹ ነው። ብርቱካናማው የመሐሉና የዎፈሩ ነው። ግራጫ ካለ፣ ለሰባት ነጥብ አንድ የሚጨመሩት የጎን ባፍሎች ነው። ሮዙ የማይክ፣ ሰማያዊው ደግሞ ከውጭ ድምፅ ማስገቢያ ነው።

«የእኔ ኮምፒውተር ሦስት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው» የሚል ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የድምፅ ቺፕ ብዙ ጊዜ የሪልቴክ ነው። ብዙዎቹ የሪልቴክ ቺፖች ሰማያዊውንና ሮዙን ቀዳዳ ከመግቢያነት ወደ መውጫነት መለወጥ ይችላሉ። ያኔ ሰማያዊው የኋላ ባፍሎቹ፣ ሮዙ የመሐሉና የዎፈሩ ይሆናል። ይህ ግን የሚሠራው ትክክለኛው ድራይቨር፣ ማለትም ቺፑን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከተጫነ ነው። ዊንዶውስ በራሱ የሚያስቀምጠው ድራይቨር ብዙ ጊዜ ሁለት ድምፅ ላይ ይቆማል። እዚህ አካባቢ ድራይቨር ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት፣ ጌሙም ድራይቨሩም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ነበር የሚተላለፈው። አሁንም ቢሆን ጠጋኞች ያንን ፍላሽ ከኪሳቸው አያወጡትም።

የጌም ቤቱን ችግር የፈታውም እንደዚያ ያለ ሰው ነው፤ መካነ ሰላም ላይ ዴክ፣ ቴሌቪዥንና ሞባይል የሚጠግን ባለሙያ። «ሰው ሁሉ ባፍል ጨምርልኝ እያለ ይመጣል። እኔ ደግሞ ገመድ ጨምር ነው የምለው» ይላል። መጀመሪያ ያየው ኮምፒውተሩን አይደለም፤ ሆም ቴአትሩን ወደ ብርሃን አዙሮ ጀርባውን በጨርቅ ጠረገው። ከአቧራው ሥር፣ ከቀይና ነጩ መግቢያ አጠገብ፣ ስድስት ክብ ቀዳዳዎች በሁለት ረድፍ ብቅ አሉ። እቃው ስድስቱን ድምፅ ለየብቻ መቀበል ይችል ነበር። ባለቤቱ ገዝቶት ሲያበቃ አንድ ቀን እንኳ አልተጠቀመበትም።

ሁሉም ግን እንዲህ አይታደልም። ዲቪዲ ማጫወቻ አብሮት የተሠራ ሆም ቴአትር ከውጭ የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ቀይና ነጭ ብቻ ነው። አምስቱን ባፍል ለይቶ የሚያናግረው የራሱን ዲቪዲ ሲያጫውት ነው። እቃውን ለኮምፒውተር ብሎ የሚገዛ ሰው ገና ሱቅ ውስጥ እያለ ጀርባውን ማዞር አለበት። ስድስት መግቢያ፣ ካልሆነም ኤችዲኤምአይ መግቢያ ከሌለው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሦስቱ ገመዶች ተሰኩ፣ ድራይቨሩ ተጫነ፣ ዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ አምስት ነጥብ አንድ ተመረጠ። እዚያው ሙከራ የሚል አለ፤ ሲነካ ከየባፍሉ ተራ በተራ አጭር ድምፅ ያወጣል። የፊት ግራ ደህና ነው። የፊት ቀኝም ደህና። መሐሉ ላይ ሲደርስ ድምፁ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከዎፈሩ ታፍኖ ወጣ። ባለቤቱ ደነገጠ። «አብሽር» አለ ጠጋኙ፤ ሁለቱን ጫፎች ነቅሎ አቀያየራቸው። መሐሉና ዎፈሩ በአንድ ጃክ ስለሚመጡ ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ የሪልቴክ ማስተካከያ ውስጥም ሁለቱን የሚያቀያይር ምርጫ አለ። በሁለተኛው ሙከራ ስድስቱም በየቦታቸው ተናገሩ።

ጌሙ ሲከፈት ግን ያው የድሮው ድምፅ ነበር። ጌሞች ስንት ባፍል እንዳለ የሚጠይቁት ሲከፈቱ ነው፤ ቀድሞ ክፍት የነበረው ተዘግቶ እንደገና መከፈት አለበት። የጌሙ የራሱ የድምፅ ማስተካከያ ላይ ሄድፎን ወይም ስቴሪዮ ተመርጦ ከሆነም ያ መለወጥ አለበት። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ልጁ ያንኑ ኮሪደር ገባ። ኮቴው ሲሰማ መጀመሪያ የዞረው በወንበሩ ነው፤ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ኋለኛው ባፍል። ማውዙን ያዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

> «ሰው ሁሉ ባፍል ጨምርልኝ እያለ ይመጣል። እኔ ደግሞ ገመድ ጨምር ነው የምለው።»

ከጥገና ቤት የተነሳ ካርድ

በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር የነበረው አንዲት ትንሽ ባፍል ናት፤ ሥራዋ ጢጥ ማለት ነበር። በዚያው ዓመት ሲም ዎንግ ሁ የተባለ ወጣት ሲንጋፖር ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከፈተ። ክሪኤቲቭ ቴክኖሎጂ የተባለው ኩባንያ ያደገው ከዚያ ቤት ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሳውንድ ብላስተር» ካርድ የኮምፒውተር ጌምን ድምፅ ለወጠው። ሲም ዎንግ ሁ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ እስኪያርፍ ድረስ ኩባንያውን ሲመራ ቆየ። ይህን ታሪክ ለመካነ ሰላሙ ጠጋኝ ነግሬው ነበር። መልሶ የጠየቀኝ «መጀመሪያ ምን ነበር የሚጠግነው?» ብሎ ነው።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ እነዚህ ካርዶች የድምፅን አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን የቦታውን ጠባይ ጭምር ያሰሉ ጀመር። ዋሻ ውስጥ የተተኮሰ ጥይት እንደ ዋሻ፣ ሜዳ ላይ የተተኮሰ እንደ ሜዳ ይሰማ ነበር። ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ከብት ሲጠብቅ ያደገ የወግዲ ልጅ የገደል ማሚቶ ሲመልስለት ገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ይገምታል። ካርዱ ሲያሰላ የነበረው ያንኑ ነው።

ከዚያ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 እ.ኤ.አ. መጣና ጌሞች ለካርዱ በቀጥታ ሥራ የሚሰጡበትን መንገድ ዘጋው። ስሌቱ ወደ ዋናው ፕሮሰሰር ተዛወረ። ዛሬ ማዘርቦርድ ላይ ያለች ርካሽ ቺፕ ለአብዛኛው ሰው የምትበቃው በዚህ ምክንያት ነው። ለብቻው የሚሸጥ ሳውንድ ካርድ የሚያስፈልገው በቂ ቀዳዳ ለሌለው፣ የማዘርቦርዱ ድምፅ ለተበላሸበት፣ ወይም ጥራት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ሰባት ነጥብ አንድ ነኝ ባይዋ

በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የጣት ግማሽ የምታክል፣ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ፣ «7.1» የተጻፈባት ሳውንድ ካርድ አለች። ርካሽ ናት፤ ብዙ ወጣት ተስፋ አድርጎ ይገዛታል። ቀዳዳዎቿን መቁጠር ይበቃል፤ አንዱ ለሄድፎን፣ አንዱ ለማይክ። በአንድ ጃክ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚወጣው። ጽሑፉ የሚናገረው በሄድፎን ውስጥ ጆሮን ለማሳመን ስለሚሞከር ስሌት ነው፤ ሌላ ባፍል የሚሰካበት ቦታ የላትም። የማዘርቦርዱ ድምፅ ለተቃጠለበት ሰው ግሩም እቃ ናት። ሰራውንድ ብሎ መሸጧ ግን ገዢን ማታለል ነው፤ ሻጮች ይህን ሊያስተካክሉት ይገባል። እውነተኛዋ የዩኤስቢ ሰራውንድ ካርድ ክብሪት ሳጥን የምታህል ናት፤ ጎኗ ላይ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል።

ኦፕቲካል የሚባለው ቀይ ብርሃን የሚያሳየው ገመድም ብዙዎችን ያሳስታል። ያልታመቀ ድምፅ ሲሆን ሁለት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ስድስት ድምፅ የሚሄድበት በዶልቢ ወይም በዲቲኤስ ዘዴ ታምቆ ከሆነ ነው። ፊልም ታምቆ ስለሚመጣ ያልፋል። የጌም ድምፅ ግን እዚያው በዚያው ስለሚፈጠር፣ እዚያው የሚያምቅለት ካርድ ይፈልጋል። ኤችዲኤምአይ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ስምንት ድምፅ ሳይታመቅ ያሳልፋል።

የሠርግ ሞንታርቦ የሚያከራይ አንድ ሰው ደግሞ «እኔ አራት ሞንታርቦ አለኝ፣ በአራቱ ማዕዘን ላቁምልህ» ብሎ ለባለቤቱ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በቅንነት ነው ያለው። የእሱ እቃ ግን አንዱን ድምፅ ለመላው ድንኳን እኩል ለማዳረስ የተሠራ ነው።

ለአንድ ወንበር የተሠራ ክብ

ባፍል ሲሰቀል አብዛኛው ሰው የኋላዎቹን ከኋላ ግድግዳ ጋር ያጣብቃቸዋል። ትክክለኛ ቦታቸው ከጎን፣ ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ነው። የፊት ሁለቱ ከስክሪኑ ግራና ቀኝ ይሆናሉ። ጠጋኙ የለካው በገመድ ነው። አንዱን ጫፍ ተጫዋቹ ጆሮ አጠገብ አስይዞ ሌላውን ወደየባፍሉ ዘረጋው፤ አምስቱም ገመዱ እኩል እስኪደርስባቸው ከፍ ዝቅ ተደረጉ። የባፍል ሽቦዎቹንም አንድ በአንድ አየ። ቀዩና ጥቁሩ በአንደኛው ባፍል ላይ ከተገለበጡ ድምፁ ይሳሳል፤ አቅጣጫውም ይደበዝዛል።

የጭቃ ቤት እዚህ ላይ ከብሎኬት ቤት ይሻላል። ጭድ የተቀላቀለበት ሸካራ ግድግዳ እንደ ለስላሳ ሲሚንቶ ድምፁን መልሶ አያንጣጣም። የማዳበሪያው ኮርኒስም ከቆርቆሮው የሚመለሰውን ትንሽ ያለዝበዋል። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ግን ኮቴ ቀርቶ ተኩስም አይለይም፤ ያኔ ያለው አማራጭ ሄድፎን ነው።

እውነተኛው ፈተና ሌላ ቦታ ነው። ሰራውንድ ለአንድ ወንበር የሚሠራ ነገር ነው። ጌም ቤት ደግሞ የብዙ ሰው ቤት ነው፤ አንዱ ሲጫወት አምስቱ ከኋላው ቆመው ይመክሩታል፣ ይሰድቡታል፣ ያጨበጭቡለታል። ከኋላ የቆሙት የኋላውን ባፍል ይጋርዳሉ፤ ኮቴውም በሳቅ ይዋጣል። ባለቤቱ ኮምፒውተሩን በመጋረጃ ከልሎ አንድ ወንበር ብቻ አስቀመጠ። አንዳንዶቹ ደንበኞች ይህን አልወደዱትም። «ብቻውን ከተጫወተማ ምን ጨዋታ አለው?» ይላሉ። ለእነሱ ኳሱ አለ፤ እዚያ ሰራውንድ የሚያመጣው የተመልካቹን ጩኸት ስለሆነ ማንም የትም ቢቀመጥ አያጣውም። የተኩሱን የሚወዱት ደግሞ ለመጋረጃው ወረፋ ይዘዋል። እኔ ባለቤቱ ልክ ነው እላለሁ።

ጉርምርምታና ጎረቤት

ገመዱ ከበዛ በኋላ አንድ ችግር ተከተለ፤ ጌሙ ዝም ሲል ባፍሎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። የአገራችን መብራት በ50 ኸርዝ ይመላለሳል፤ ኮምፒውተሩና ሆም ቴአትሩ ከተለያየ ሶኬት ሲነሱ ያ ንዝረት በድምፅ ገመዱ በኩል ይገባል። መፍትሔው ሁለቱንም ከአንድ ዲቫይደር ማስነሳት፣ የድምፅ ገመዶቹንም ከመብራት ገመድ ማራቅ ነው። አንዳንዱ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ቆርጦ ጉርምርምታውን ያጠፋል። ይህ ሰው የሚገድል ነገር ነው፤ ማንም እንዳያደርገው። መብራት ሄዶ ሲመለስም የሆም ቴአትሩን ድምፅ ዜሮ አድርጎ ቀድሞ ኮምፒውተሩን ማስነሳት ባፍሉን ያተርፋል።

ከጌም ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ አንዲት እናት ቅሬታቸው ስለ ኮቴ አይደለም። «ልጄ፣ ደረቴ ላይ ነው የሚመታኝ» ነው የሚሉት ባለቤቱን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ 80 ዴሲቤልን ጣሪያ አድርጎ አስቀምጧል፤ ለልጆች ወደ 75 ዝቅ ያደርገዋል። ጌም ቤት የሚውሉት በአብዛኛው ልጆች ናቸው።

ጠጋኙ ለእናትየዋም ለተጫዋቹም የሚሆን ነገር አሳየ። ግድግዳ አልፎ ጎረቤት የሚደርሰው ያ አቅጣጫ የሌለው ወፍራም ድምፅ ነው። ኮቴ፣ የበር ሲጥሲጥታ፣ የጥይት ፉጨት የሚወጡት ከአምስቱ ትንንሽ ባፍሎች ነው፤ እነሱ ደግሞ የጭቃውን ግድግዳ እምብዛም አያልፉም። አሁን ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ዎፈሩ ይነቀላል፤ አምስቱ ድምፃቸው ቀንሶ ይቀጥላሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ተጫዋች ከኋላ የሚመጣበትን እንደ ቀኑ ለይቶ ይሰማል።